ይግባኝ ካለቀ በኋላ የሚቀረው አንድ ዓመት፦ በአሜሪካ የወንጀል ፍርድን መቃወሚያ ጊዜ እንዴት ይቆጠራል?

አሜሪካ ውስጥ ሰው የታሰረበት ቤተሰብ፣ ይግባኙ ውድቅ የሆነ ዕለት የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ «አሁንስ ምን ቀረን?» የሚቀር ነገር አለ። ግን ቀን ተቆርጦለታል። ቀኑ ባብዛኛው አንድ ዓመት ነው። ፍርድ ቤቱ «ዛሬ መቁጠር ጀመርን» ብሎ ደብዳቤ አይልክም። የይግባኙ ጠበቃ ሥራውን ጨርሶ ፋይሉን ዘግቷል። ቤተሰቡ ገና ከድንጋጤው ሳይወጣ፣ ገንዘብ ሳያሰባስብ፣ ሌላ ጠበቃ ሳያፈላልግ ወራቱ ይነጉዳሉ። ጥሩ ክርክር ያለው ሰው ጭምር በቀን ብቻ ይረታል።

ስለዚህ ቀኑ ከየት ተነስቶ የት እንደሚያልቅ፣ ምን እንደሚያቆመውና ምን እንደማያቆመው ማወቅ የግድ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ቀኖች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ይግባኝና ከይግባኝ በኋላ ያለው አቤቱታ በምን ይለያያሉ?

ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የሚያየው ከታች የመጣለትን መዝገብ ነው። ዳኛው ማስረጃ ሲቀበል ተሳስቷል ወይ? ተከሳሹ ጥፋተኛ መሆን አለመሆኑን ለሚወስኑት ተራ ዜጎች፣ ማለትም ለጁሪው፣ የተሰጠው መመሪያ ሕጉን የተከተለ ነው ወይ? የሚመረምረው እንዲህ ያለውን ነው። መዝገቡ ላይ ያልሰፈረ ነገር እዚያ ቦታ የለውም።

ችግሩ፣ ከባዶቹ ስህተቶች ብዙ ጊዜ መዝገቡ ላይ አይታዩም። ጠበቃው ዋናውን ምስክር ጭራሽ ሳያናግረው ቀርቶ ይሆናል። ዐቃቤ ሕጉ ተከሳሹን የሚጠቅም ማስረጃ ደብቆ ይሆናል። እንዲህ ያለውን መደበቅ ሕገ መንግሥቱን እንደሚጥስ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1963 ብሬዲ በተባለው ጉዳይ ወስኗል። እነዚህ ነገሮች የሚነሱት ከይግባኝ በኋላ በሚቀርብ ሌላ አቤቱታ ነው።

መንገዱ ሁለት ነው። በስቴት ፍርድ ቤት የተፈረደበት ሰው መጀመሪያ እዚያው ስቴቱ ውስጥ ያመለክታል። ካልሆነለት ሄቢየስ ኮርፐስ ይዞ ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት ይሄዳል። ይህ በእኛ አገር ሕግ አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ የሚባለው ነው። አሜሪካ ውስጥ ግን ያለ ፍርድ የተያዘ ብቻ ሳይሆን፣ ተፈርዶበት የታሰረ ሰውም «ፍርዱ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል» ብሎ ይጠቀምበታል። በፌዴራል ፍርድ ቤት የተፈረደበት ደግሞ የሚያመለክተው ቅጣቱን ለወሰነበት ለዚያው ፍርድ ቤት ነው። ጠበቆችም እስረኞችም ሁለቱን የሚጠሯቸው በሕግ ቁጥራቸው ነው፤ የስቴት እስረኛ ለፌዴራል ፍርድ ቤት የሚያቀርበውን «2254»፣ የፌዴራል እስረኛ የሚያቀርበውን «2255» ይሉታል።

አንድ ዓመቱ ከየት መጣ?

ድሮ የፌዴራል ሄቢየስ ቁርጥ ያለ የጊዜ ገደብ አልነበረውም። ኤፕሪል 19 ቀን 1995 ኦክላሆማ ሲቲ የሚገኝ የፌዴራል ሕንፃ በቦምብ ፈርሶ 168 ሰዎች ሞቱ። በዓመቱ ኮንግረሱ ስለ ሽብርና ስለ ሞት ቅጣት አዲስ ሕግ አወጣ። ፕሬዚዳንት ክሊንተን ኤፕሪል 24 ቀን 1996 ፈረሙበት። ጠበቆች «ኤድፓ» የሚሉት፣ በእነዚህ የፌዴራል አቤቱታዎች ላይ አንድ ዓመቱን ያመጣው ሕግ ይኸው ነው። ስሙ ሽብርና ሞት ይበል እንጂ አንድ ዓመቱ በስርቆት፣ በዕፅ፣ በድብደባ የተፈረደበትንም ሰው እኩል ይይዛል።

እንዲህ ሲያልፍ መብትን የሚዘጋ ጊዜ ይርጋ ይባላል። ከዚህ በታች «ይርጋው» ስል አንድ ዓመቱን ማለቴ ነው።

ይርጋው መቁጠር የሚጀምረው ከየትኛው ቀን ነው?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጁሪው «ጥፋተኛ» ካለበት ቀን አይጀምርም። ቅጣት ከተነበበበት ቀንም አይጀምርም። ጠበቃው «አልተሳካልንም» ብሎ ደብዳቤ ከጻፈበት ቀንማ ጭራሽ አይጀምርም። የሚጀምረው ፍርዱ የመጨረሻ ከሆነበት ቀን ነው፤ ማለትም የይግባኙ መንገድ እስከ ላይ ድረስ ተሄዶ ወይም ጊዜው አልፎ ከተዘጋበት ቀን።

የስቴቱ የበላይ ፍርድ ቤት ከወሰነ በኋላ፣ በፌዴራል ጉዳይ ደግሞ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ከወሰነ በኋላ፣ «ጉዳዬን ይዩልኝ» ብሎ ዋሽንግተን ላለው ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለማመልከት 90 ቀን አለ። ሰውየው ካመለከተ፣ ይርጋው የሚጀምረው ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ «አላይም» ካለበት ዕለት ነው። ካላመለከተም 90 ቀኑ አይቀርበትም፤ እሱ ሲያልቅ ነው ይርጋው የሚጀምረው። ይህን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ለፌዴራል እስረኞች በ2003 ክሌይ በተባለ ጉዳይ አረጋግጦታል።

በቁጥር እንየው። የስቴቱ የበላይ ፍርድ ቤት ጃንዋሪ 15 ቀን 2025 ይግባኙን ውድቅ አደረገ እንበል። ወደ ዋሽንግተን የሄደ የለም። 90 ቀኑ ኤፕሪል 15 ቀን 2025 ያልቃል። ይርጋው ከዚያ ተነስቶ ኤፕሪል 15 ቀን 2026 ይዘጋል። በመሃል ምንም ካልተደረገ፣ ኤፕሪል 16 ጠዋት የገባ አቤቱታ አንድ ቀን ዘግይቷል። አንድ ቀንም መዘግየት ነው። የመጨረሻው ቀን ቅዳሜ፣ እሑድ ወይም በዓል ላይ ከዋለ ብቻ ወደሚቀጥለው የሥራ ቀን ይሻገራል።

አሁን ምሳሌውን ትንሽ እንለውጠው። ሰውየው በስቴቱ መካከለኛ ይግባኝ ፍርድ ቤት ተሸንፎ፣ ሰልችቶት ወይም ገንዘብ አልቆበት ወደ ስቴቱ የበላይ ፍርድ ቤት ሳይሄድ ቀረ። እንዲህ ሲሆን 90 ቀኑ አይጨመርለትም። ወደ በላዩ ፍርድ ቤት ለመሄድ የተሰጠው ጊዜ ሲያልቅ ይርጋው ይጀምራል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2012 ጎንዛሌዝ በተባለው ጉዳይ ያለው ይህንን ነው። ሦስት ወር ተጨማሪ አለን ብሎ የተዝናና ሰው እዚህ ይወድቃል።

ጥፋቱን አምኖ፣ ከዐቃቤ ሕግ ጋር ተደራድሮ፣ ይግባኝም ያላለ ሰውስ? የእሱ ይርጋ ከሁሉም ቀድሞ ይነሳል። በፌዴራል ጉዳይ ተከሳሹ ይግባኝ ለማለት ያለው 14 ቀን ነው። ያ ካለፈ ፍርዱ የመጨረሻ ሆነ፤ አንድ ዓመቱም ጀመረ።

ከዚህ ውጪ መነሻ ቀኑ ሊገፋ የሚችልባቸው ጥቂት ሁኔታዎች አሉ። መንግሥት ራሱ ሕገ ወጥ በሆነ መንገድ አቤቱታውን እንዳያስገባ ከልክሎት ከነበረ፣ መሰናክሉ ከተነሳበት ቀን ይቆጠራል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ወደ ኋላ ተመልሶ የሚሠራ አዲስ መብት ካወጀ፣ መብቱ ከታወጀበት ቀን ይቆጠራል። በተገቢ ትጋት ቀድሞ ሊታወቅ የማይችል አዲስ ፍሬ ነገር ከተገኘ ደግሞ፣ ሊታወቅ ይችል ከነበረበት ቀን ጀምሮ ነው። ልብ በሉ፤ ሰውየው ያወቀበት ቀን ሳይሆን፣ ቢተጋ ኖሮ ሊያውቅ ይችል የነበረበት ቀን ነው የሚታየው።

ስቴት ላይ አቤቱታ ካስገባን ይርጋው ይቆማል?

ይቆማል። ግን ወደ ዜሮ አይመለስም። ቤተሰብን ብዙ ጊዜ የሚያሳስተው ይህ ነው።

ነገሩ እንደ ስልክ ካርድ ነው። ስልኩን ስትዘጉት ደቂቃው መቁጠር ያቆማል። መልሳችሁ ስትደውሉ ግን የምታገኙት የቀረችውን ደቂቃ ነው፤ የተወራችው አትመለስም። ይርጋውም እንደዚሁ ነው። ይግባኙ ካለቀ በኋላ አሥር ወር ቆይቶ ስቴት ላይ አቤቱታ ያስገባ ሰው፣ የስቴቱ ክርክር አራት ዓመት ቢፈጅ እንኳ፣ ሲያልቅ የሚቀረው ሁለት ወር ብቻ ነው።

አደጋው የሚብሰው ስቴቶቹ የራሳቸው የተለያየ ቀን ስላላቸው ነው። ሜሪላንድ ቅጣቱ ከተወሰነ ጀምሮ 10 ዓመት ትሰጣለች። ጆርጂያ ለከባድ ወንጀል 4 ዓመት፣ ሚኒሶታና ፍሎሪዳ 2 ዓመት ይሰጣሉ። ዋሽንግተን ስቴት የምትሰጠው 1 ዓመት ነው። ቨርጂኒያ ከሥር ፍርድ ቤቱ ፍርድ 2 ዓመት ወይም የስቴቱ ይግባኝ ካለቀ 1 ዓመት፣ ከሁለቱ ዘግይቶ የሚያልቀውን ትወስዳለች። ኒው ዮርክ ላይ ፍርዱ ይሻርልኝ ለሚለው ማመልከቻ የተቆረጠ ቀን የለም። ብዙዎቹ እነዚህ ቀኖች የማይነኳቸው የተለዩ ሁኔታዎችም አሏቸው።

እንግዲህ ሜሪላንድ የሚኖር ሰው «10 ዓመት አለኝ» ብሎ በሦስተኛው ዓመት ስቴቱ ላይ ቢያመለክት፣ ለስቴቱ በጊዜው ነው። የፌዴራሉ በር ግን ከተዘጋ ቆይቷል። ያለቀ ይርጋ የሚቆም ነገር የለውም። የስቴቱ ረጅም ጊዜ ጥሩ ነገር ነው፤ ግን የፌዴራሉን አንድ ዓመት አያራዝምም።

የማያቆሙት ነገሮችም መታወቅ አለባቸው። የስቴቱ ፍርድ ቤት «ዘግይቷል» ብሎ የመለሰው አቤቱታ ይርጋውን አያቆምም፤ ሕጉ የሚለው በአግባቡ የገባ አቤቱታ ነው። የስቴቱ ክርክር አልቆ ወደ ዋሽንግተን «ይዩልኝ» ማለትም በዚህ ደረጃ ላይ አያቆመውም። ከይግባኝ በኋላ 90 ቀኑ ታስቦልን ነበር፤ አሁን ግን አይታሰብም። ፌዴራል ፍርድ ቤት የተቀመጠ አቤቱታም ራሱን አያቆምም። ዳኛው ከሁለት ዓመት በኋላ «መጀመሪያ ስቴቱን ጨርስ» ብሎ ቢመልሰው፣ ሁለቱ ዓመት ሄዷል። ለዚህ መፍትሔው ፌዴራል ዳኛው አቤቱታውን ሳይዘጋ እንዲያቆየው መጠየቅ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2005 ራይንስ በተባለ ጉዳይ በቂ ምክንያት ላለው ሰው ይህን ፈቅዷል።

ጠበቃው ቢያዘገይብንስ?

ፍሎሪዳ ውስጥ ሞት የተፈረደበት ሆላንድ የተባለ እስረኛ ጉዳይ ይህን በደንብ ያሳያል። ይርጋው ኦክቶበር 1 ቀን 2001 ጀመረ። የተመደበለት ጠበቃ ስቴት ላይ አቤቱታ ያስገባው ሴፕቴምበር 19 ቀን 2002 ነው። ያኔ ከዓመቱ የቀረው 12 ቀን ብቻ ነበር። ከዚያ ስቴቱ ላይ ሦስት ዓመት አለፈ። እስረኛው ከክፍሉ ሆኖ ለጠበቃው ደብዳቤ በደብዳቤ ላይ ይጽፍለት ነበር፤ የፌዴራሉን እንዳትረሳ እያለ። ጠበቃው እንዲነሳለትም ለፍርድ ቤቱ አመለከተ። ፍሎሪዳ ዲሴምበር 1 ቀን 2005 ጉዳዩን ጨረሰች። 12ቱ ቀን መቁጠር ጀመረ፤ አለቀም። ጠበቃው አልነገረውም። ሰውየው ይህን ያወቀው ጃንዋሪ 18 ቀን 2006 እስር ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። በማግስቱ አቤቱታውን በራሱ እጅ ጽፎ አስገባ።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2010 እንዲህ ላለው ሰው ለፍትሕ ሲባል ጊዜው ሊራዘም ይችላል አለ። ሁለት ነገር ግን ማሳየት ይጠበቅበታል፤ መብቱን በትጋት ሲከታተል እንደነበርና ከተለመደው የወጣ እንቅፋት እንደገጠመው። የጠበቃ ተራ የቀን አቆጣጠር ስህተት ከተለመደው የወጣ አይባልም። ይህ ብዙ ሰው ያሳዝነዋል፤ እኔንም ያሳዝነኛል። በዚህ ደረጃ ላይ መንግሥት ጠበቃ እንዲያቆምለት ሕገ መንግሥቱ ለማንም መብት አይሰጥም፤ ስለዚህ ብዙው እስረኛ ብቻውን ነው የሚሠራው።

እንግሊዝኛ አለመቻልስ? ብቻውን በቂ አይሆንም። ሆኖም ምዕራቡን የሚሸፍነው ዘጠነኛው የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤትና ኒው ዮርክን የሚሸፍነው ሁለተኛው፣ በሚችለው ቋንቋ የሕግ ጽሑፍም አስተርጓሚም ፈልጎ ያጣ እስረኛ ማራዘሚያ ሊያገኝ እንደሚችል ተናግረዋል። ቁልፉ ፈልጎ ማጣቱን ማሳየቱ ነው። አስተርጓሚ የጠየቀበትን ወረቀት፣ «የለንም» የተባለበትን መልስ፣ ለጠበቃው የጻፈውን ደብዳቤ ኮፒ ሁሉ ያስቀምጥ። ቤተሰብ ውጭ ሆኖ እነዚህን ቢይዝለት ትልቅ እርዳታ ነው።

ዳኛው ራሱ ቢሳሳትስ? ኦሃዮ ውስጥ ቦውልስ በተባለ እስረኛ ላይ ይህ ደርሷል። የሄቢየስ አቤቱታው ውድቅ ሲሆን ይግባኝ የሚልበት ጊዜ አምልጦት ነበር። ዳኛው ጊዜውን ከፈተለት፤ ሕጉ 14 ቀን ሲፈቅድ ዳኛው 17 ቀን ጻፈለት። እስረኛው ዳኛው በሰጠው ቀን ውስጥ፣ ከሕጉ ግን ሁለት ቀን አልፎ አስገባ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2007 አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ «አልፎበታል» አለ። ስለዚህ ዳኛም ይጻፈው፣ ጠበቃም ይንገራችሁ፣ ቀኑን ከሕጉ ጋር አመሳክሩት።

ንጹህ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ዘግይቶ ቢገኝስ?

ጠባብ በር አለ። በ2013 ፐርኪንስ በተባለው ጉዳይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ በእርግጥ ንጹህ ስለመሆኑ አሳማኝ ማስረጃ ያመጣ ሰው ዓመቱ ቢያልፍበትም እንዲሰማ ፈቅዷል። መለኪያው ከባድ ነው። አዲሱን ማስረጃ ቢያዩ ኖሮ ማንም አስተዋይ ጁሪ ጥፋተኛ ባላለው ነበር የሚያሰኝ መሆን አለበት። ማስረጃውን ይዞ ዓመታት የተቀመጠ ሰው ደግሞ ዳኛው ይጠራጠረዋል።

አቤቱታው ገባ የሚባለው መቼ ነው?

ያለ ጠበቃ ራሱ የሚከራከር እስረኛ ከሆነ፣ ወረቀቱን ለእስር ቤቱ የፖስታ ክፍል ባስረከበበት ቀን ነው። ፍርድ ቤት የደረሰበት ቀን አይታይም። እስር ቤቱ ለሕግ ደብዳቤ የተለየ አሠራር ካለው ግን በዚያ መላክ ይኖርበታል። ያስረከበበትን ቀንና ቴምብሩ መከፈሉን አቤቱታው ላይ በፊርማው ያረጋግጥ። ጠበቃ ወይም የቤተሰብ አባል ውጭ ሆኖ ሲያስገባ ይህ አይሠራም፤ የሚቆጠረው መዝገብ ቤቱ የተቀበለበት ቀን ነው።

ቅጹ ነጻ ነው። ለስቴት እስረኛ «ኤኦ 241»፣ ለፌዴራል እስረኛ «ኤኦ 243» የሚባሉት ናቸው፤ የፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ሲጠየቅ ይልካል። የስቴቱ እስረኛ 5 ዶላር ይከፍላል፤ ካልቻለ ነጻ እንዲሆንለት ያመለክታል። ለ2255 ክፍያ የለም። ዋናው ነገር ያለውን መቃወሚያ ሁሉ መጀመሪያውኑ ማስገባቱ ነው። ይርጋው ካለፈ በኋላ የሚጨመር ነጥብ የሚሰማው ቀድሞ ከቀረበው ፍሬ ነገር ጋር የሚያያዝ ከሆነ ብቻ ነው። ሁለተኛ አቤቱታ ደግሞ ከይግባኝ ፍርድ ቤቱ ፈቃድ ይፈልጋል፤ ፈቃዱም እንደ ዋዛ አይገኝም።

ከአገር የመባረር ጉዳይ ዘግይቶ ቢመጣስ?

ይህ ዜግነት ያልወሰደውን ወገናችንን በቀጥታ ይነካል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2010 ፓዲላ በተባለው ጉዳይ፣ ተከሳሹ ጥፋቱን ከማመኑ በፊት ጠበቃው ከአገር ሊያስባርረው እንደሚችል መንገር አለበት ብሏል። ከማርች 31 ቀን 2010 በፊት ፍርዳቸው የመጨረሻ የሆነባቸውን ግን አይረዳም። ችግሩ፣ ብዙ ሰው ነገሩን የሚሰማው ቅጣቱን ጨርሶ፣ ሥራ ይዞ፣ ልጅ ወልዶ፣ ግሪን ካርዱን ሲያድስ ወይም ከጉዞ ሲመለስ ነው። ያኔ ይርጋው ከተዘጋ ዓመታት አልፈዋል። «ዛሬ ነው ያወቅሁት» ማለት ብዙ ጊዜ አያዋጣም።

ሌላም ግድግዳ አለ። ሄቢየስ የሚቀርበው ቅጣቱ ሳያልቅ ነው። በፕሮቤሽን (በእስር ፈንታ በክትትል) ወይም በፓሮል (ከእስር ቀድሞ ተለቆ በክትትል) ላይ ያለ ሰው ገና በቅጣት ላይ እንዳለ ይቆጠራል። ቅጣቱ ሙሉ በሙሉ ካለቀ ግን በሩ ይዘጋል፤ ኢሚግሬሽን ቢይዘውም ያ እስር ለዚህ አይቆጠርለትም።

የቀረው መንገድ ፍርዱ እንደተሰጠበት ቦታ ይለያያል። በፌዴራል የተፈረደበት ኮረም ኖቢስ የሚባል፣ ቅጣቱ ካለቀ በኋላም የተሳሳተ ፍርድ እንዲሻር የሚጠየቅበት ማመልከቻ አለው። የተቆረጠ ቀን የለውም፤ ለምን እንደዘገየ ግን አጥጋቢ ምክንያት ይጠየቃል። ካሊፎርኒያ ከ2017 ጀምሮ፣ ቅጣታቸውን የጨረሱ ሰዎች የኢሚግሬሽን መዘዙን ሳይረዱ የገቡበትን ፍርድ የሚያሽሩበት ሕግ አላት።

ዛሬ ከየት እንጀምር?

ከመዝገቡ። የጉዳዩን ቁጥር ይዛችሁ የፍርድ ቤቱን የድርጊት ዝርዝር አውጡ፤ አሜሪካኖቹ ዶኬት ይሉታል። ብዙ ስቴቶች በነጻ ኢንተርኔት ላይ ያሳያሉ። የፌዴራሉ ፔሰር በሚባለው ድረ ገጽ በገጽ 10 ሳንቲም ነው፤ ለአንድ ሰነድ ከ3 ዶላር አያልፍም፤ በሦስት ወር ውስጥ 30 ዶላርና ከዚያ በታች የተጠቀመ ሰው ጭራሽ አይከፍልም። ከዝርዝሩ ላይ የመጨረሻው የይግባኝ ውሳኔ የተሰጠበትን ቀን፣ ስቴት ላይ አቤቱታ ገብቶ ከሆነ የገባበትን ቀን፣ አልቆም ከሆነ ያለቀበትን ቀን በወረቀት ጻፉ። ጠበቃ ቢሮ ስትገቡ መጀመሪያ የምታሳዩት ይህን ወረቀት ይሁን፤ «የፌዴራሉ ይርጋ በየትኛው ቀን ያልቃል?» ብላችሁም መልሱን በጽሑፍ ጠይቁ። አንዱን ኮፒ ደግሞ ለታሰረው ሰው በፖስታ ላኩለት።